ሸሪፋ ቢያዝን የተባለችው አመልካች

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። እርስዎም እማዬም እንዴት ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለመውሊድ ሳልመጣ በመቅረቴ እንደተቀየሙኝ ነጋዴው አብዱልወሀብ ነግሮኛል። ደብዳቤዎን ያስረከበኝም «ሽማግሌው ፊታቸው ጠቁሯል፤ ተጠንቅቀሽ ክፈቺው» እያለ ነው። አፉ ይበሉኝ። ፈቃድ ተከልክዬ አይደለም፤ ራሴ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው። በአብዱልወሀብ አፍ በአጭሩ ያስነገርኩትን ምክንያት በሙሉ ልንገርዎ።

የምሠራበት የቀለም መመርመሪያ ጣቢያ አንድ ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ድሬስደን ወደምትባል ከተማ ሊልክ ነው። አንድ ሰው ብቻ። ማመልከቻው የካቲት 30 ይዘጋል። ያ ሰው እኔ እንድሆን ቆርጫለሁ፤ ስለዚህ እሑድም በዓልም የለኝም።

«እስከ ዛሬ የተማርሽው አልበቃ ብሎ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አልበቃም አባዬ። ቀይ ጨርቅ ነክረን እናወጣለን፤ አንዴ ሲታጠብ ይለቃል። ከጀርመን አንድ ባለሙያ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ አንድ ዱቄት ጨምሮበት ይስተካከላል፣ ሰውየው ይሄዳል። በወሩ ቀዩ እንደገና ይለቃል። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ጠርሙስ አጥባለሁ። ዱቄቱ ለምን እንደተጨመረ የሚያውቀው ሻንጣ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሰለቸኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

«ታዲያ እኔ ገበሬው ምን ልርዳሽ?» ላሉኝ፣ የሚረዱኝ በስምዎ ነው። በሰባት ዓመቴ ደሴ አምጥተው ልብስ ሰፊው ጋሼ ቢያዝን ቤት ሲያስጠጉኝ፣ ትምህርት ቤት ወስደው ያስመዘገቡኝ እሳቸው ነበሩ። መዝጋቢው «አባት?» ሲል እጄን የያዙት ሰው ስማቸውን ሰጡ። ከገጠር መጥቶ ሰው ቤት የሚማር ልጅ ያኔ እንዲያ ነበር የሚመዘገበው፤ ከክፍሌ ልጆች ስድስታችን ባስጠጉን ሰዎች ስም ነበርን። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ድረስ ወረቀቴ ሁሉ «ሸሪፋ ቢያዝን» ይላል። ኮምቦልቻ ስቀጠር ግን ቀበሌው የአባቴን ስም ሲጠይቀኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ መታወቂያዬ «ሸሪፋ በሺር» ሆነ። «ሃያ ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ዛሬ ማን ጠየቀ?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ሁለት ሰው ሆኜ ማመልከት አልችልም።

ደሴ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ከሦስት ምስክር ጋር፣ ልጅዎ መሆኔን እንዲያስመዘግቡልኝ ነው የምለምንዎ። በዚህ ስም ነገር እስከ ዛሬ ቅር ብሎዎት እንደሆነም ይንገሩኝ፤ አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። ለጋሼ ቢያዝን የላኩትን ሰላምታ አደርሳለሁ።

ልጅዎ ሸሪፋ


ኩታበር፣ ኅዳር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸሪፋ፣

ወዓለይኩም ሰላም። እኔም እናትሽ ዘሀራም ደህና ነን። ገብሱ ገብቷል፣ ጤፉ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሉ ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ፤ በሬም መጀመሪያ ሲጠመድ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። እንግዲያስ ስሚ። አዲስ አበባ የተመረቅሽ ቀን ከቢያዝን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በድምፅ ማጉያው «ሸሪፋ ቢያዝን» ብሎ ሲጠራሽ ቢያዝን እያለቀሰ ያጨበጭባል። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀረሁ። እናትሽ «ምነው አላጨበጨብክ?» ስትለኝ «ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ» አልኳት። ዋሽቼ ነው። ቅናት ነው። ሰው በገዛ ልጁ ምርቃት ላይ እንግዳ ሲሆን ምን ይባላል? ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው።

አሁን ግን ደስ ብሎኛል። ስሜ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው፣ ያውም ባሕር ሊሻገር! ሦስት ምስክር አልሽ? ሠላሳ አመጣልሻለሁ። ስትወለጂ እልል ያሉት ሴቶች ግማሾቹ በሕይወት አሉ፤ ዳኛው ፊት እልል በሉ ብላቸው ይደግሙታል። ጤፉን ላስገባና እንወርዳለን፣ ኢንሻ አላህ።

ቢያዝን ግን ምን ሆኗል? ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፣ አልመለሰልኝም። ስሙን ልወስድበት ነው ብሎ አኩርፎ ከሆነ ንገሪው፤ የሠርግ ልብሴን ከሰፋልኝ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ተኳርፈን አናውቅም።

አባትሽ በሺር


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ፊደልዎ ከጣቢያችን ኃላፊ ፊደል ይሻላል፤ የሳቸውን ለማንበብ ሦስት ሰው እንሰበሰባለን። ስለ ምርቃቱ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። አለቀስኩ።

ምን ምን እንዳዘጋጀሁ ልንገርዎ፤ ቅጹን በአራት ቅጂ በታይፕ አስመትቻለሁ። የጤና ምርመራ ደሴ ሄጄ ጨርሻለሁ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው ተብሏል። ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ የድጋፍ ደብዳቤ በፖስታ መጥቶልኛል። ሁለተኛውን የጻፈልኝ ያ ጀርመናዊ ባለሙያ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ይህች ሴት ትከራከራለች» ብሎ ጨምሮበታል፤ ሙገሳ ይሁን ክስ አላወቅሁም። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ስለሆነ ጀርመንኛም ጀምሬያለሁ። ግሱ እንደ አማርኛ ከኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል።

ያስቸገረኝ የጥናት ዕቅዱ ነው። ለምን ይህን መማር እንደምፈልግ በሁለት ገጽ መጻፍ አለብኝ። «ያደግሁት ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ደንበኞች ቀለሙ የለቀቀ ቀሚስ ይዘው እየመጡ ሲያለቅሱ አይቻለሁ» ብዬ ጀምሬ ነበር። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ አትጠገብ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለጨርቃ ጨርቅ ፍላጎት ነበረኝ» በይ አለችኝ፤ አልኩ።

ስለ ስሙ ጉዳይ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። ጓድ አትጠገብ ነገሩን አቅልላልኛለች። ፍርድ ቤትም ምስክርም አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀት እርስዎ ከፈረሙበት ይበቃል ብላለች። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታጥፎ አለ። ከታች ፈርመው በአብዱልወሀብ እጅ ይላኩልኝ። ማንበብ አያስፈልግዎም፣ ረጅም የመንግሥት ቋንቋ ነው።

ጋሼ ቢያዝን አላኮረፉም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ልጅዎ ሸሪፋ


ኩታበር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሸሪፋ፣

ማንበብ አያስፈልግዎም ብለሽ ጻፍሽልኝ። በሬዬን እየፈታሁ፣ በዚህ ሽበቴ የሰው የልጅ ልጅ እየሳቀብኝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የተቀመጥኩት ለምን መሰለሽ? ጣቴን ቀለም ነክሬ የማላውቀው ወረቀት ላይ እንዳላሳርፍ ነው። ጣቴን አሳርፌ መሬቴን ያጣሁበትን ጊዜ አንቺ አታውቂውም።

አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሸሪፋ በሺር የተባለችው ልጄ ቢያዝን ደጉ ከተባለው ግለሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌላት መሆኑን፣ በቤቱም ያላደገች መሆኑን፣ ከእርሱም ሆነ ከቤተሰቡ ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት ኖሯት የማያውቅ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

የሥጋ ዝምድና የላትም፣ እሺ። ቤቱ አላደገችም? አሥራ ሁለት ዓመት የት ነበርሽ? ጅብ ነው ያሳደገሽ? እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ በየትኛው እጄ ነው የምፈርመው?

ከዚያ ይልቅ ሌላ ነገር አሰብኩ። ስም ለማረም ይህ ሁሉ ክህደት ምን አስፈለገ? ቢያዝንን «ግለሰብ» የሚለው ማነው? አብዱልወሀብን አጥብቄ ጠየቅሁት። ሱቁ ከታሸገ ሁለት ወር አልፎታል አለኝ። ሚስቱን የኔነሽን መንገድ ላይ አግኝቷት አንገቷን ደፍታ አለፈችው አለኝ። «ልጅዎ ትነግርዎታለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ።

ሸሪፋ፣ ቢያዝን የት ነው? በመልሱ ሰው አሁኑኑ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባዬ፣

ጋሼ ቢያዝን ታስረዋል። ጥቅምት 16 ቀን ነው። የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያናቸው እንደታሸገ ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ይጸልዩ ነበር። ያን ቀን ተራው የሳቸው ቤት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው አብሮ ተወሰደ። ደሴ ወህኒ ቤት ናቸው። ሁለተኛ ለጸሎት አልሰበሰብም ብለው ከፈረሙ ይለቀቃሉ ተብሏል። አልፈረሙም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ አውቅ ነበር። ሰላምታዎን አደርሳለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ይኸው ተናገርኩ።

አሁን ግን እርስዎም ይስሙኝ። ጓድ አትጠገብ ቢሮዋ ጠርታ በሩን ዘጋችና «የታሰረ ሰው ልጅ ሆነሽ ይህ ፋይል አንድ ጠረጴዛ አያልፍም። ደግነቱ ልጁ አይደለሽም። እንግዲህ አይደለሁም በይ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ቦታ ሴት እንድታገኘው ከወንዶቹ ጋር ሦስት ዓመት የተሟገተች እሷ ናት።

እርስዎስ ስሜ ስሜ ሲሉ አልነበረም? ስምዎን ባመጣልዎ ምን አጠፋሁ? ወረቀቱ ውስጥ ሁለት መስመር ውሸት አለ፤ አውቃለሁ። ባይፈርሙስ ጋሼ ይፈታሉ? እሳቸው እዚያው ናቸው፣ እኔም እዚሁ ጠርሙሴ ጋር ነኝ። ለማን ጠቀምን? ይህን ቦታ አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሌላው ሠራተኛ ሲያገባ፣ ቤት ሲሠራ፣ እኔ መጽሐፍ ስገለብጥ ነው የኖርኩት። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በሠላሳ የዕድሜ ገደቡ ይዘጋል። አንድ ፊርማ ነው የጠየቅሁዎ፣ አባዬ። አንድ!

ተቆጥቼ ከሆነ አፉ ይበሉኝ። ግን አልሰርዘውም።

ሸሪፋ


ኩታበር፣ ጥር 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ፣

መቆጣትሽን ወደድኩት። ከመዋሸትሽ ይሻላል። ለማን ጠቀምን ብለሽ የጠየቅሽኝን እመልስልሻለሁ፤ ቀድሞ ግን የማታውቂውን አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳልነግርሽ ያስማለኝ ቢያዝን ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ደሴ ባመጣሁሽ ሰሞን የቢያዝን ቤት ሰዎች የሥጋ ነገር አስጨንቋቸው ነበር። እስላም የክርስቲያን ሥጋ አይበላ፣ ክርስቲያን የእስላም አይበላ፤ ታውቂዋለሽ። የኔነሽ ላንቺ ለብቻ ድስት ገዛች፣ ሥጋሽን ከእስላም ሉካንዳ ለብቻ ታመጣልሽ ነበር። አንድ በዓል ላይ ቤተ ሰቡ ትሪ ከቦ ሲበላ አንቺ ጥግ ይዘሽ ከትንሿ ድስትሽ ስትበዪ ቢያዝን አየሽ። አንቺ አላለቀስሽም። እሱ ግን ከትሪው ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት የገባ ሥጋ በሙሉ ከእስላም ሉካንዳ ሆነ። ለሁሉም፤ ለሱም፣ ለየኔነሽም፣ ለልጆቻቸውም። አንቺን ከትሪው ጋር ለማስቀመጥ። እናቱ እስክትሞት ድረስ እቤቱ እህል አልቀመሰችም። ወንድሞቹ ለፋሲካ መምጣት ተዉ። ልብስ የሚያሰፋው ሰው ሳይቀር ሸሸው። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሸሪፋ። «ልጅቷ ትሰማና ትሳቀቃለች፣ እንዳትነግራት» አለኝ።

ለጁምዓ መስጊድ የሚያደርስሽ፣ ለረመዷን ስሑር እንድትበዪ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ እሱ እንደነበር ራስሽ ታውቂያለሽ። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው «በቤቱ አላደገችም» ብዬ አልፈርምበትም። ወላሂ አልፈርምም! ስሜን የምፈልገው እንዲህ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ከነጭራሹ ይቅርብኝ፤ ስልሳ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት ኖሬያለሁ።

ለማን ጠቀምን ላልሽው፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ወረቀት ይዘሽ ድሬስደን ብትደርሺ፣ ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ለማስተካከል አፍ ሞልተሽ የምትናገሪ አይመስለኝም። ያልተፈረመበትን ወረቀት መልሼ ልኬልሻለሁ። ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን አድርጊው። እኔ ካልፈረምኩ ሌላ በሺር ፈልጊ።

አባትሽ በሺር ይማም


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት አኩርፌ እንዳይመስልዎ። ያችን ትንሽ ድስት አስታውሳታለሁ። መቼ እንደጠፋች ግን ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ነበርኩ፤ ትሪ ላይ አስቀመጡኝ፣ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚበላ መስሎኝ ነው ያደግሁት።

ባለፈው እሑድ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ድንች ወጥና ዳቦ ይዤ ነበር፤ ጥበቃው ወጡን በእንጨት አማስሎ መረመረው። ጋሼ ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጥቷል። የጥበቃዎቹን ሱሪ ይጠግናሉ፤ የሚሠሩበት መርፌ እንኳ ተቆጥሮ ነው የሚሰጣቸው። ገና ሲያዩኝ ተቆጡ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? አትጠገብ የምትባለዋ ሴትዮ ወረቀት አዘጋጅታለች አሉ። አስፈርሚና ሂጂ!»

«ማን ነገረዎት?»

«ደሴ ውስጥ የማይሰማ ነገር አለ? ስሙን እኔ ነኝ ቸኩዬ የሰጠሁሽ። መዝጋቢው ሲጠይቀኝ አባቷ ኩታበር ነው ብል ይመልሱሻል ብዬ ፈራሁ። ጌታ ይቅር ይለኛል። አስፈርሚ።»

«አባዬ አልፈርምም ብለዋል።»

«በሺር?»

«ወላሂ ብለው።»

ጋሼ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። «እንግዲያስ አለቀ፤ በሺር ከማለ አይመለስም» አሉኝ። እኔ ግን አባዬ፣ የእርስዎን መሐላም የጋሼን ፈቃድም ሳልጠብቅ ወስኜ ነበር የሄድኩት። ይህን ይወቁልኝ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ አትጠገብ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልተፈረመም» አለች።

«አይፈረምም።»

«አባትሽ እምቢ አሉ?»

«ሁለቱም አባቶቼ ተናግረዋል። እምቢ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ሸሪፋ፣ ሦስት ዓመት ታግዬበታለሁ። ቦታውን ለወንዶቹ አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው?»

«ያደግሁበትን ቤት አላደግሁበትም ብዬ አልሄድም። ብትልኪኝ እንዲህ ሆኜ ላኪኝ።»

ቅጹን እንደገና በአራት ቅጂ ፊቷ ሞላሁት። የአባት ስም በሚለው ላይ ቢያዝን ብዬ ጻፍኩ። ግለ ታሪኬ ላይ ወላጅ አባቴ በሺር ይማም፣ ያሳደጉኝ ቢያዝን ደጉ፣ በእምነታቸው ምክንያት የታሰሩ፣ ብዬ አንዱንም ሳላስቀር አሰፈርኩ። ሁለቱም ስሞች የእኔ መሆናቸውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፌ ራሴ ፈርሜ አያያዝኩበት። የጥናት ዕቅዱንም እንደገና አስመታሁት፤ «ያደግሁት ልብስ ሰፊ ቤት ነው» ብሎ ይጀምራል። የዕቅዱን አንድ ተጨማሪ ቅጂ ጀርመናዊው ባለሙያ ለድሬስደን ፕሮፌሰር አደርስልሻለሁ ብሎ ወስዶታል።

ጓድ አትጠገብ አራቱንም ቅጂ ተቀብላ ማኅተም መታችባቸው። «ዕብድ ነሽ» አለችኝ። ለማልቀስ የቀራት ትንሽ ነበር።

ፈርቻለሁ አባዬ። እርስዎስ ለእኔ አልፈሩም?

ሸሪፋ


ኩታበር፣ መጋቢት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸሪፋ፣

እንዴት አልፈራ? ፈርቻለሁ እንጂ። እናትሽ ግን አልፈራችም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ «ዕብድ ነሽ» የሚለው ጋ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀች። «ያንተ ልጅ» አለችኝ።

ሐሙስ ቤታችን ወዳጃ ተቀመጥን። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ላንቺ ዱዓ አደረገልሽ፣ ማመልከቻሽ ይቅና ተብሎ። ከዚያ እኔ የቢያዝንን ስም ጠርቼ አላህ ያስፈታው አልኩ። አንዱ ከጥግ «ጴንጤ ነው እኮ» አለ። «አሚን በል!» አልኩት። አለ።

አባትሽ በሺር


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ያልጻፍኩት ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። ትናንት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስሜ የለም።

የሚሄደው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሚዛን አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ከሰዓት መጣና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላቴን እንዳውሰው ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። «ለከርሞ እፈልገዋለሁ» አልኩት። የማፌዝ መሰለው።

እኔ ግን አላፌዝኩም። ባለፈው ሳምንት ከድሬስደን ደብዳቤ መጥቶልኛል። ፕሮፌሰሩ ዕቅዴን አንብቦ ትምህርት ክፍሉ እንደተቀበለኝ፣ ዘንድሮ መንግሥት ካልላከኝ ቦታዬን ለከርሞ እንደሚያቆይልኝ ጽፏል። ፖስታው ላይ «ሸሪፋ ቢያዝን» ይላል። ስለዚህ በሚመጣው ኅዳር ሌላ አራት ቅጂ አስመታለሁ፤ እዚያው መስመር ላይ ያንኑ ስም እጽፋለሁ። በሠላሳ ዓመት ይዘጋል ያልኩዎ ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ ይቀረኛል። እስከዚያ በሰለቻቸው ቁጥር ፊታቸው እቆማለሁ። አይዘኑልኝ፤ ሊታዘንለት የሚገባው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ገና አልጨረስኩም።

ከላቦራቶሪ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውኛል፤ በርሜል እቆጥራለሁ። ይህም ምንም አይደለም፣ በርሜሎቹ ላይ የተጻፈው ጀርመንኛ ስለሆነ ልምምድ ሆኖልኛል። የሚያንገበግበኝ እሑድ እሑድ ተረኛ ማድረጋቸው ነው። እሑድ የጥየቃ ቀን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሆን ብለው ነው። ጋሼን ካየኋቸው ሁለት ወር አለፈኝ። እትዬ የኔነሽ እግራቸውን ታመው ከቤት አይወጡም፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። ጋሼን ማን እየጠየቃቸው እንደሆነ አላውቅም። አብዱልወሀብን ብጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እርስዎ የሰሙት ካለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሸሪፋ


ኩታበር፣ ሰኔ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸሪፋ፣

ዝናቡ ጀምሯል፤ ጤና ነን። መዝገበ ቃላቱን አለመስጠትሽ ደግ አደረግሽ። ስምሽ ሰሌዳው ላይ አለመኖሩን ስሰማ በረት ገብቼ ከበሬዎቹ ጋር ቆየሁ። ለከርሞ እሞላለሁ ያልሽውን ግን ለእናትሽም አነበብኩላት። ሙዪ። እኛም ሐሙሳችንን እንቀመጣለን።

ቢያዝንን ማን እየጠየቀው ነው ላልሽኝ፣ አብዱልወሀብ ፊቱን ያዞረው እንዳይናገር ስላስማልኩት ነው። እኔ ነኝ። ከዒድ ማግስት ጀምሮ ቅዳሜ ወርጄ የኔነሽ ዘንድ አድራለሁ፣ እሑድ ጠዋት ወህኒ ቤት እቆማለሁ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ሲሰጠኝ «በእርሻ ሰዓት በየሳምንቱ ደሴ ምን አለህ?» አለኝ። «ልብስ አሰፋለሁ» አልኩት።

የመጀመሪያው እሑድ ከየኔነሽ የተቀበልኩትን ምግብ በፌስታል ይዤ ተሰለፍኩ። ቤተ ሰብ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ተራዬ ደረሰ። ጥበቃው መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ ስሜን ጠየቀኝ፣ በሺር ይማም አልኩት። አገሬን ጠየቀኝ፣ ኩታበር አልኩት። ማንን ልትጠይቅ ነው አለኝ፣ ቢያዝን ደጉን አልኩት። ያኔ ቀና አለና ቆቤን፣ ከዚያ ጢሜን አየ።

«አንተ እስላም አይደለህ እንዴ? የጴንጤው ምኑ ነህ?»

ከኋላዬ ሰው ይገፋል። ዘመዱ ነኝ ብል ዘመዱ አይደለሁም። ወዳጁ ነኝ ብል ይመልሰኛል።

«የልጄ አባት ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አንሥቶ ያየኝ ጀመር።

«ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ።

አባትሽ በሺር ይማም